የሜክሲኮ ብሔራዊ የሥነ ሰብእ ቤተ መዘክር አመሠራረትና ታሪክ

መግቢያ

በአዲስ አበባ ከተማ «ሜክሲኮ አደባባይ» የሚባል ሥፍራ መኖሩን የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ስሙ ለምን እንደ ተሰጠ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1936 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የግዛቴ ክፍል አድርጌአለሁ ብላ ባወጀች ጊዜ፣ ይህን ግፍ አንቀበልም ብለው ከጸኑት ጥቂት መንግሥታት መካከል አንዱ የሜክሲኮ መንግሥት ነበር። አደባባዩም የዚህ ወዳጅነት ማስታወሻ ነው። በሜክሲኮ ዋና ከተማም እንዲሁ በኢትዮጵያ ስም የተጠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።)

ስለዚህች ወዳጅ አገር ብዙ የሚጻፍ ነገር ቢኖርም፣ እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጥ የምንሞክረው የብሔራዊ ቤተ መዘክሯን ታሪክ ብቻ ነው። ይህ ቤተ መዘክር ቅድመ ኮሎምቦስ የሚባሉትን፣ ማለትም ክሪስቶፎር ኮሎምቦስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከመድረሱ በፊት የአገሩ ተወላጆች የሠሩአቸውን ዕቃዎች በመሰብሰብ በዓለም ከታወቁት ዋነኛው ነው። ሆኖም ይህን ርእስ የመረጥነው ዝናውን ለማውራት ብለን አይደለም። የጥንት ዕቃ በአንድ ቤት ሲሰበሰብ የሚያተርፈው ማነው? የሚጐዳውስ ማነው? የሚለው ጥያቄ በዚህ ቤት ታሪክ ውስጥ ከሌላው ቦታ ይልቅ ጐልቶ ስለሚታይ ነው።

፩፤ የተቀበሩት ጣዖታት

የዛሬዋ የሜክሲኮ ከተማ የቆመችው በጥንታዊቱ ቴኖችቲትላን ላይ ነው። ቴኖችቲትላን በሐይቅ መካከል በደሴት ላይ የተሠራች፣ ሜሺካ የሚባሉት (በተለምዶ አስቴክ የምንላቸው) ሕዝቦች መዲና ነበረች። ኤርናን ኮርቴስ የሚመራው የእስፓኝ ጦር የእነርሱ ጠላት ከነበሩት ተወላጆች ጋር ተባብሮ ከተማይቱን ከከበበ በኋላ፣ ነሐሴ ማለትም ኦገስት 13 ቀን 1521 በእጁ አስገባት።

ድል አድራጊዎቹ ቤተ ጣዖቶቹን አፈረሱ፤ በድንጋዮቻቸውም ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠሩ። ተሸክሞ ለመውሰድም ሆነ ሰባብሮ ለመጨረስ የከበዱት ታላላቅ ምስሎች ግን በዋናው አደባባይ ሥር ተቀበሩ። ወርቁ ቀልጦ ምዝምዝ ሆነ፤ ከላባና ከዕንቍ የተሠሩት ጌጦችም አያሌዎቹ ባሕር ተሻግረው በኤውሮጳ መኳንንት ግምጃ ቤት ገቡ። ከእነዚህም አንዱ ዛሬ በቪየና ከተማ በሚገኘው ቤተ መዘክር ያለው፣ በአረንጓዴ የወፍ ላባ የተሠራው ታላቅ የራስ ጌጥ ነው። ይህ ጌጥ በ1596 በኦስትርያ በተጻፈ የንብረት መዝገብ ላይ ስለ ተመዘገበ፣ ከዚያ በፊት አገሩን ለቆ እንደ ሄደ የታወቀ ነው። በሜክሲኮ ቤተ መዘክር ውስጥ የሚታየው በ1940 የተሠራው አምሳያው ነው።

፪፤ የድንጋዮቹ መገኘት

ከዚህ በኋላ ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት በላይ አለፈ። በ1790 የእስፓኝ ንጉሥ እንደራሴ የነበረው የሬቪያሂሄዶ መስፍን የከተማው ዋና አደባባይ እንዲነጠፍና የውሃ መውረጃ እንዲቆፈርለት አዘዘ። ሠራተኞቹ ሲቆፍሩ ኦገስት 13 ቀን፣ ከተማይቱ በወደቀችበት ዕለት በ269ኛው ዓመት መሆኑ ነው፣ ኮአትሊኩዌ የምትባለውን የጣዖት ምስል አገኙ። ይህች ምስል በመልኳ እጅግ የምታስደነግጥ ናት፤ ቀሚሷ በእባብ የተጐነጐነ፣ የአንገቷም ጌጥ የሰው እጅና ልብ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 17 ቀን ደግሞ «የፀሐይ ድንጋይ» የተባለው፣ ስፋቱ ሦስት ሜትር ከስድሳ ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ወደ 24 ቶን የሚሆን ክብ ድንጋይ ተገኘ።

በቀድሞው ጊዜ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ተሰባብረው ለመሠረት ድንጋይ በሆኑ ነበር። ነገር ግን ዘመኑ ተለውጦ ስለ ነበር እንደራሴው እንዲጠበቁ አዘዘ። አንቶንዮ ዴ ሌዎን ኢ ጋማ የሚባል ሊቅም ድንጋዮቹን መርምሮ በ1792 መጽሐፍ አሳተመ። በሜክሲኮ የጥንታዊ ቅርስ ምርምር ጀመረ የሚባለው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

የሁለቱ ድንጋዮች ዕድል ግን አንድ አልነበረም። የፀሐይ ድንጋይ የዘመን አቈጣጠር ምልክት እንጂ የሚሰገድለት ጣዖት አይደለም ተብሎ ስለ ታሰበ፣ በካቴድራሉ ግንብ ላይ በግልጥ ቆመ። ኮአትሊኩዌ ግን ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ተወሰደች። በዚያም ጥቂት ቀን እንደ ቆየች ተወላጆቹ ሻማና አበባ ይዘው በስውር ይመጡ ጀመር። የዩኒቨርሲቲው መምህራንም ሕዝቡ ወደ ጥንቱ አምልኮ እንዳይመለስ ፈርተው መልሰው በግቢው ውስጥ ቀበሯት። በ1803 አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ወደ ሜክሲኮ በመጣ ጊዜ ለማየት ስለ ለመነ ተቆፍራ ወጣች፤ እርሱ አይቶ ሲጨርስም እንደ ገና ተቀበረች።

አንባቢ ይህን ነገር ልብ ብሎ እንዲመለከተው እንፈልጋለን። ለመምህራኑ ምስሊቱ አደገኛ ጣዖት ነበረች፤ ለሁምቦልት የምርምር ዕቃ ነበረች፤ ሻማ ይዞ ለመጣው ገበሬ ግን የአባቶቹ አምላክ ነበረች። ድንጋዩ ያው አንድ ድንጋይ ነው። ቤተ መዘክር የሚባለው ነገር የተወለደው ከእነዚህ ሦስት አመለካከቶች መካከል ሁለተኛው ባሸነፈ ጊዜ ነው።

፫፤ የቤተ መዘክሩ መቋቋም

ሜክሲኮ በ1821 ነፃነቷን ካገኘች በኋላ አዲሱ መንግሥት ራሱን ከእስፓኝ የሚለይበት የራሱ ታሪክ አስፈለገው። ስለዚህ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጓዳሉፔ ቪክቶሪያ፣ በሚኒስትሩ በሉካስ አላማን አሳሳቢነት፣ ማርች 18 ቀን 1825 ብሔራዊ ቤተ መዘክር እንዲቋቋም አዘዘ። ቤቱም በዚያው በዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሆነ። በ1827 የወጣ ሕግም የጥንት ዕቃ ከአገር እንዳይወጣ ከለከለ። ሕጉ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በየወደቡ የሚጠብቅ ሰው ባለመኖሩ ብዙ ቅርስ ከዚያ በኋላም እየተሸጠ ወጥቷል። ከዚህም የምንረዳው ሕግ ብቻውን ዘበኛ ሊሆን እንደማይችል ነው።

ቤተ መዘክሩ በስም ይቋቋም እንጂ በእነዚያ የጦርነትና የሁከት ዓመታት ገንዘብም ቦታም አልነበረውም። ራሱን የቻለ ቤት ያገኘው ከባዕድ ንጉሥ እጅ መሆኑ የታሪክ ግርምት ነው። በፈረንሳይ ጦር ኃይል የነገሠው የኦስትርያው ልዑል ማክሲሚልያን በ1865 መጨረሻ ቤተ መዘክሩ ወደ ቀድሞው የገንዘብ ማተሚያ ቤት እንዲዛወር አዘዘ፤ በ1866ም ተከፈተ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1867፣ ንጉሡ በሪፑብሊኩ ወታደሮች ተይዞ በጥይት ተገደለ፤ የመሠረተው ቤት ግን ከእርሱ በኋላ ወደ መቶ ዓመት ያህል አገለገለ።

በፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያስ ዘመን ቤተ መዘክሩ ተጠናከረ። የፀሐይ ድንጋይ ለዘጠና ዓመታት ያህል ዝናምና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ከኖረበት ከካቴድራሉ ግንብ በ1885 ወርዶ ወደ ቤተ መዘክሩ ገባ። በ1887ም የታላላቅ ድንጋዮች አዳራሽ ተመረቀ። በ1897 የወጣው ሕግ ደግሞ ጥንታዊ ሐውልቶች ሁሉ የመንግሥት ሀብት መሆናቸውን ደነገገ።

በ1939 በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ጊዜ ብሔራዊ የሥነ ሰብእና የታሪክ ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው አስተዳዳሪም አልፎንሶ ካሶ የተባለው የቁፋሮ ሊቅ ሆነ። ከቅኝ ግዛት ዘመን የቀሩት የታሪክ ዕቃዎች ወደ ቻፑልቴፔክ ቤተ መንግሥት ሲዛወሩ፣ የተወላጆቹ ዕቃዎች ግን በቀድሞው ቤት ቀርተው ቤቱ «የሥነ ሰብእ ቤተ መዘክር» የሚል ስም ተሰጠው።

፬፤ አዲሱ ሕንፃ

የቀድሞው ቤት እየጠበበ ሄደ። በተለይ አልቤርቶ ሩስ የተባለው ሊቅ በ1952 በፓሌንኬ ከተማ ፍርስራሽ ውስጥ፣ ከታላቅ ቤተ ጣዖት ሥር፣ የማያ ንጉሥ የፓካልን መቃብር ካገኘ በኋላ የሕዝቡ ፍላጐት እጅግ ጨመረ። በዚያ መቃብር የተገኘው ከአረንጓዴ ዕንቍ የተሠራ የንጉሡ የፊት ጭምብል የቤተ መዘክሩ ዋና ክብር ሆነ።

ስለዚህ ፕሬዚዳንት አዶልፎ ሎፔስ ማቴዎስ በቻፑልቴፔክ ደን ውስጥ አዲስ ሕንፃ እንዲሠራ አዘዘ። ሥራው በ1963 መጀመሪያ ተጀምሮ በ19 ወር ውስጥ ተፈጽሞ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1964 ተመረቀ። የሕንፃው ሐናጺ ፔድሮ ራሚሬስ ቫስኬስ ነበር። በሕንፃው መካከል ሰፊ ግቢ አለ፤ አሳቡም በኡሽማል ከሚገኙት የማያ አደባባዮች የተወሰደ ነው። ከግቢው ከፊሉን የሚሸፍነው ታላቅ ጣራ የቆመው በአንድ ዓምድ ብቻ ላይ ነው፤ ከጣራውም በዓምዱ ዙሪያ ውሃ እንደ ዝናም ይወርዳል። ተመልካቹ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ሲሄድ ወደ ግቢው እየወጣ ማረፍ ይችላል እንጂ ሁሉንም በተርታ ለማየት አይገደድም።

ምድር ቤቱ ለጥንቱ ዘመን፣ ፎቁ ደግሞ ዛሬ በሕይወት ላሉት ተወላጆች ቋንቋ፣ ልብስና ሥራ ተመድቧል። በአሳቡ እያንዳንዱ የዛሬ ሕዝብ ከአባቶቹ ሥራ በላይ ይገኛል ማለት ነው። መልካም አሳብ ነው። ሆኖም ብዙ ጐብኚ በምድር ቤቱ ደክሞ ፎቁን ሳያይ ይመለሳል። ሙታኑ ከሕያዋኑ ይልቅ ብዙ ተመልካች አላቸው።

የግቢውን መጨረሻና የክብሩን ቦታ የያዘው የሜሺካዎች አዳራሽ ነው፤ የፀሐይ ድንጋይም በመካከሉ ቆሟል። ታዋቂው ባለ ቅኔ ኦክታቪዮ ፓስ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን አሠራር ነቅፏል። ቤተ መዘክሩ የሜሺካዎችን ኃይል የታሪክ ሁሉ ፍጻሜ አስመስሎ ያሳያል፤ ሌሎቹን ሕዝቦች የእነርሱ መቅድም ያደርጋል የሚል ነበር ነቀፋው። እኛም ይህን ነቀፋ እንደ ቀላል ነገር አናየውም። የዕቃ አቀማመጥ ራሱ አንድ ዐይነት ንግግር ነውና።

፭፤ የኮአትሊንቻን ድንጋይ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። ከከተማው በስተ ምሥራቅ በቴሽኮኮ አውራጃ ኮአትሊንቻን የምትባል መንደር አለች። በመንደሪቱ አጠገብ በሸለቆ ውስጥ፣ ቁመቱ ሰባት ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 168 ቶን የሚገመት፣ ተሠርቶ ያላለቀ የድንጋይ ምስል በጀርባው ተጋድሞ ይኖር ነበር። ሊቃውንት ማንነቱን በሚመለከት ተከራክረዋል፤ ገሚሶቹ የዝናም አምላክ ትላሎክ ነው ሲሉ፣ ገሚሶቹ የውሃ እመቤት ቻልቺውትሊኩዌ ናት ብለዋል። የመንደሩ ሰዎች ግን ከውሃቸውና ከዝናማቸው ጋር የተያያዘ የራሳቸው ድንጋይ መሆኑን ያውቁ ነበር።

መንግሥት ድንጋዩ ወደ አዲሱ ቤተ መዘክር እንዲሄድ ወሰነ። ለዚሁ ሥራ ብዙ ጎማ ያለው ልዩ ተሳቢ ተሠራ፤ መንገድም ተጠረገ። በ1964 መጀመሪያ ግን የመንደሩ ሕዝብ ተነሣ፤ ድንጋዩን የያዘውን የብረት ገመድና ተሳቢውን አበላሸ። መንግሥትም ወታደር ላከ። ለመንደሩ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ እንደሚሠራ ቃል ተገባ። በመጨረሻም ኤፕሪል 16 ቀን 1964 ድንጋዩ በወታደር ታጅቦ ጕዞ ጀመረ። ወደ ከተማው ሲገባ ሕዝቡ በመንገድ ዳርና ዳር ተሰልፎ ጠበቀው። ወራቱ የበጋ ቢሆንም በዚያ ሌሊት ከባድ ዝናም ዘነመ፤ ይህም እስከ ዛሬ ይተረካል።

የሁለቱንም ወገን ክርክር በቅንነት ብንመዝን እንዲህ እናገኛለን። መንግሥት ድንጋዩ የመላው ሕዝብ ሀብት ስለ ሆነ ሁሉ ሊያየው ይገባል፤ በሸለቆም ተጥሎ ከሚበላሽ በክብር ቢጠበቅ ይሻላል ይል ነበር። ፊተኛው ምክንያት ኃይል አለው። በእርግጥም በዋና ከተማ ያየው ሰው ቍጥር በመንደሩ ሊያየው ከሚችለው ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ደካማ ነው፤ ድንጋዩ እስከ ዛሬ የቆመው በቤተ መዘክሩ ውስጥ ሳይሆን በስተ ውጭ በታላቁ ጐዳና ዳር ስለ ሆነ ዝናሙም ፀሐዩም ይመታዋል፤ የመኪና ጢስም ተጨምሮበታል። የመንደሩ ሰዎችም በ2007 የድንጋዩን አምሳያ በአደባባያቸው አቆሙ። አምሳያ ማቆማቸው የጐደለባቸው ነገር እንዳልተረሳ ምስክር ነው።

ከዚህ ጋር የኦአሃካን ነገር ማነጻጸር ይጠቅማል። አልፎንሶ ካሶ በ1932 በሞንቴ አልባን ሰባተኛ መቃብር ብዙ የወርቅ ጌጥ ባገኘ ጊዜ፣ የኦአሃካ ክፍለ ሀገር ሀብቱ ወደ ዋናው ከተማ እንዳይሄድ ተከራክሮ በአገሩ አስቀርቶታል፤ ዛሬም በኦአሃካ ቤተ መዘክር ይታያል። ኦአሃካ ጠበቃና አስተዳዳሪ ነበራት፤ ኮአትሊንቻን ግን ገበሬዎች ብቻ ነበሯት። ልዩነቱ ከድንጋዩና ከወርቁ ላይ ሳይሆን ከዚህ ላይ ይመስለናል።

በኋላ ግን አሠራሩ እየተለወጠ ሄደ። በ1978 የመብራት ኃይል ሠራተኞች በከተማው መካከል ሲቆፍሩ ኮዮልሻውኪ የተባለችውን ታላቅ ክብ የድንጋይ ምስል ሲያገኙ፣ ምስሊቱ ወደ ቻፑልቴፔክ አልተወሰደችም፤ እዚያው በተገኘችበት ቦታ በ1987 ቤተ መዘክር ተከፈተ።

፮፤ የ1985 ስርቆት

በ1972 በወጣው ሕግ መሠረት ከእስፓኞች መምጣት በፊት የተሠራ ማናቸውም ዕቃ የሕዝቡ ሀብት ነው፤ ሊሸጥና ሊለወጥም አይችልም። ነገር ግን ቀደም ብለን እንዳልነው ሕግ ዘበኛ አይሆንም። ዲሴምበር 25 ቀን 1985፣ በልደት በዓል ሌሊት፣ ሌቦች ወደ ቤተ መዘክሩ ገብተው ከ120 የሚበልጡ ዕቃዎች ሰረቁ፤ የፓካል ጭምብልም ከእነርሱ አንዱ ነበር። ዘበኞቹ እንደሚገባ አልዞሩም፤ የማስጠንቀቂያው ደወልም አይሠራም ነበር።

ሁሉም የዓለም አቀፍ ወንበዴዎች ሥራ መስሎት ነበር። በ1989 ግን ከሌቦቹ አንዱ ሲያዝ ስርቆቱ የሁለት ወጣቶች ሥራ ሆኖ ተገኘ፤ ከተሰረቁትም ዕቃዎች አብዛኞቹ ተመለሱ። እነዚያ ዕቃዎች እጅግ የታወቁ ስለ ነበሩ ለመሸጥ አስቸጋሪ ነበሩ። እንግዲህ ዕቃው ሥዕሉ ተነሥቶ፣ መጠኑና የተገኘበት ቦታ ተመዝግቦ መኖሩ ከብረት መዝጊያ የማያንስ ጥበቃ ነው ማለት እንችላለን። ያልተመዘገበ ዕቃ ግን ከተሰረቀ በኋላ የማን እንደ ሆነ የሚያስረዳለት የለውም።

መደምደሚያ

ይህ ቤተ መዘክር በ2025 ከተመሠረተ ሁለት መቶ ዓመት ሞላው። በዚህ ዘመን ውስጥ ጣዖት ተብሎ የተቀበረው ድንጋይ የአንድ ሕዝብ ኵራት ሆነ። ይህ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን በዚያው ሥራ ውስጥ የኮአትሊንቻን ሰዎች ልቅሶ አለበት።

እኛም የአክሱም ሐውልት በ1937 በፋሺስቶች ተወስዶ በ2005 ሲመለስ፣ በ2008ም በሥፍራው ሲቆም የተደሰትን ሕዝብ ነን። ባዕድ ኃይል ሲወስድብን በደሉን ለማየት አይቸግረንም። የሚያስቸግረው የገዛ ራሳችን መንግሥት፣ የገዛ ራሳችን ቤተ መዘክር፣ ወይም ደብተርና ፎቶግራፍ ማንሻ ይዘን ወደ ገጠር የምንሄድ እኛ ተማሪዎች ከአንዲት ደብር ወይም ከአንዲት መንደር አንድ ዕቃ ለማንሣት ስናስብ ነው። በዚያን ጊዜ «ለአገር ነው» የሚለው ቃል በቀላሉ ከአፋችን ይወጣል።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር እንድንማር እናሳስባለን። አንደኛ፣ ዕቃው ከመነሣቱ በፊት የተገኘበት ቦታና ሁኔታ ይጻፍ፤ ከቦታው የተለየ ዕቃ ግማሽ ታሪኩን አጥቷልና። ሁለተኛ፣ በቦታው ሊጠበቅ የሚችል ከሆነ በቦታው ይቆይ፤ የኮዮልሻውኪ ምሳሌ ይህ እንደሚቻል ያሳያል። ሦስተኛ፣ ከዕቃው ጋር የሚኖሩት ሰዎች ወታደር ከመምጣቱ በፊት ይጠየቁ፤ የሚሉትም ይመዝገብ፤ እምቢ ካሉም እምቢታቸው እንደ መልስ ይቈጠር። በሜክሲኮ አደባባይ ስናልፍ የወዳጅነቱን ውለታ ብቻ ሳይሆን ይህንም ትምህርት ብናስታውስ፣ ለሁለቱም አገሮች ክብር ይሆናል ብለን እናምናለን።